በጀርመኗ ሆድ የቀረው ቡና

ያረረ ቡና ሲሸተኝ ቀኝ እጄ ሳላስበው የመኪና ማጥፊያ ቁልፍ ይፈልጋል። ሚስቴ ይህን ስታይ ዕድሜዋ አለቀ፤ ምክንያቱን ግን ጠይቃኝ አታውቅም፤ ቡናውን ያሳረረችው እሷ ስለሆነች ነገሩ ባይነሳ ትመርጣለች። እኔም ባይነሳ እመርጥ ነበር። ጅማን በመሰለ፣ ሰው ከቡና ሌላ ወሬ በሌለው ከተማ፣ በቡና ሽታ የሚደነግጥ ሰው ምክንያቱን አርባ ምናምን ዓመት ደብቆ መኖር ይችላል ወይ ብትሉኝ፣ ይችላል፤ ኖሬበታለሁ። ዘንድሮ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ደረቅ ሲል ጀርመኗ ከሐጂ ጀማል ግቢ እየተገፋች ስትወጣ ግን በቃ፣ የኔ ነገር አለቀ አልኩ።

ጀርመኗ መኪና ናት። ሐጂ ጀማል፣ አላህ ይዘንላቸው፣ በአገራችን ስማቸው ከታወቀ የቡና ነጋዴዎች አንዱ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ በጎረምሳነቴ የእሳቸው ሾፌር። ዛሬ ሂርማታ ገበያ አጠገብ አሮጌ የመኪና ዕቃ እሸጣለሁ። ሰዉ ሱቄን «የሙዘይን መቃብር» ይለዋል፤ ልዩነቱ እኔ ጋ የገባ ዕቃ ተመልሶ መውጣቱ ነው። ያን ቀን ሱቄ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጀርመኗን በላብ ተጠምቀው እየገፉ በፊቴ አለፉ። የወተት ቀለሟ ሸራ ሥር ተኝታ ስትኖር የሻይ ወተት ሆኗል። ከኋላ የሐጂ ልጅ ሐያት ትከተላለች፤ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ታስተምራለች፣ ዶክተር ናት፣ እንደ አባቷም የያዘችውን አትለቅም።

«ጋሽ ሙዘይን፣ እንዴት አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። ይህቺን አሮጊት ወዴት ነው የምታንገላቷት?»

«ጋሽ ነስሩ ጋራዥ። ሞተሯ ታይቷል፣ ይነሳል። የቀረው ኤሲዋ ነው።»

«የምን ኤሲ?»

«እርስዎ ይጠይቁኛል? ሾፌሯ እርስዎ አልነበሩም እንዴ?»

ነበርኩ። ተማሪዎቹን አሳርፋ ነገሩን ዘረዘረችልኝ። እናቷ ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ በሌላ መኪና አልሄድም ብላለች። በዚያችው መኪና፣ በዚያው በግቤ ቁልቁለት፣ ያን ጊዜ ያመለጣት ቅዝቃዜ እየነፈሰላት መውረድ ትፈልጋለች። ከዱባይ አዲስ ኤሲ ላስመጣልሽ፣ በአሥር ቀን እጅሽ ይገባል አልኳት። «አዲስ ከሆነማ አዲስ መኪና አልከራይላትም?» አለች። «እንደነበረው ነው የምፈልገው። ኮምፕረሰሩ፣ ቧንቧው፣ ማብሪያዋ ሳትቀር።»

«ነስሩ ኤሲ አይነካም። ባሌስትራና ፍሬን ነው ሥራው።»

«አውቃለሁ። እናቴ ግን ያቃጠለው እሱ ነው፣ የሚጠግነውም እሱ ነው ትላለች።» እየሳቀች ነው የተናገረችው። ልጅቱ ምን ታድርግ፣ ይህን ወሬ እየሰማች ነው ያደገችው። እኔም አብሬያት ሳቅኩ፤ ሳቄ የት ሄዶ እንዳረፈ ግን አላውቅም።

ያኔ እንዲህ አልነበረም። ያኔ ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ አሥራ አምስት፣ ጫማ ማስጠረጊያ አምስት ነበር። ፈረንጅ አራዳ ሰማይ የሚያህል ኮሌታ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነበረን፤ እሱ የሰፋው ሸሚዝ ንፋስ ሲነሳ ባለቤቱን ይዞት ሊበር ይደርሳል። ሱሪያችን ከጉልበት በታች እንደ ደወል ይሰፋና የመንገዱን አቧራ እየጠረገ ይሄዳል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደመወዝ ሊከፍለን ይገባ ነበር። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሻይ ቤት ሸክላ ያጫውታል፤ መርፌው ስለደነዘ ሁሉም ዘፋኝ ጉንፋን የያዘው ይመስላል፤ እኛ ግን እንዲያ ነው የሚዘፈነው ብለን እናምን ነበር። በዚህ ሁሉ መሀል ጀርመኗን እየነዳሁ በሂርማታ ሳልፍ ሰው ከነቅርጫቱ ዞሮ ያየኝ ነበር። ከሾፌሩ በስተቀኝ አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች፤ ላይዋ ላይ የበረዶ ምልክት ተስሏል። ጅማ ላይ በረዶ እንደዚያ ተስሎ ያየ ሰው ስለሌለ ግማሹ አበባ ነው ይላል፣ ግማሹ ሸረሪት። ማብሪያዋ ስትዞር ከፊት ካሉት ቀዳዳዎች ብርድ ይወጣል። አንዴ የደዶ ገበሬ እጁን በመስኮት አስገብቶ ቀዳዳው ላይ ብዙ ካቆየ በኋላ፣ «ይሄ ንፋስ ከየት አገር ነው የሚመጣው?» አለኝ። «ከጀርመን፣ በቧንቧ» አልኩት። አምኖኝ ሄደ። እኔም ግማሽ በግማሽ አምን ነበር።

ነስሩን ያስጠራው ይሄው ንፋስ ነው። ነስሩ ምጽዋ የዓሣ ማቀዝቀዣ ሲጠግን አድጎ ጅማ የገባ ልጅ ነበር። ጋዝ ምን እንደሆነ ሳናውቅ እሱ ጆሮውን ቧንቧ ላይ አድርጎ «እዚህ ጋ ይተነፍሳል» ይላል፤ የሳሙና አረፋ ሲቀባ እውነትም እዚያው ጋ ይንደቀደቃል። የመድኃኒት ቤቱ ፍሪጅ፣ የሥጋ ቤቱ ፍሪጅ፣ የጀርመኗ ኤሲ፣ ሁሉም የእሱ ነበሩ። «ነስሩ በረዶ» ይሉት ነበር። ሲራመድ እንኳ እጁን ኪሱ አይከትም፤ ወርቅ የያዘ ሰው ይመስል ከፊቱ አድርጎ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ያኔ ቡና የሚያበቅል አገር ሰው ቡና ይዞ መጓዝ ክልክል ነበር። ለቤት ከምትሆን እፍኝ በላይ ኬላ ላይ ከተገኘብህ ቡናውም ይወረሳል፣ መኪናውም ይወረሳል፣ አንተም ለተወሰነ ጊዜ ትወረሳለህ። ስለዚህ የጅማ ሰው ቡና ያልደበቀበት ቦታ አልነበረም፤ ትራስ ውስጥ፣ ትርፍ ጎማ ውስጥ፣ ሕፃን የታዘለበት አንቀልባ ውስጥ። ፈታሾቹም ሁሉንም ለይተው ያውቁታል፤ ሕፃኑን ሳይቀር ይመዝኑታል ማለት ይቻላል። የማያውቁት አንድ ቦታ ቢኖር የኤሲ ሆድ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ መንገድ ኤሲ ያላት መኪና አንዲት ብቻ ናት፣ ነጂዋም እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ብልጥ ነበርኩ። በዚያ ወር አዲስ አበባ የተዳረችው እህቴ ዘይነባ ወለደች። እናቴ የቡ ከሚገኘው ጓሯችን ለቅማ፣ አድርቃ፣ ፈልፍላ ሦስት ኪሎ አዘጋጀችና «አራስ ልጄ የሰው ቡና አትጠጣም» ብላ ሰጠችኝ። ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ የኤሲው ፋን የሚቀመጥበት ሳጥን አለ፤ ክዳኑን በአራት ብሎን ፈታሁት። በከረጢት ብሞክር አልገባ አለ። በልቅ አፈሰስኩት፤ እንደ ጎተራ ሞላ። ሐጂ ኤሲ የሚያስከፍቱት ግቤ በረሃ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ስንደርስ «ጋዝ አልቋል» እላለሁ ብዬ አሰብኩ።

ያላወቅኩት ነገር ቢኖር ሐጂ ከባለቤታቸው ጋር እንደሚሄዱ፣ እሷም ሐያትን የሰባት ወር እርጉዝ መሆኗ ነው። ስለዚህ ለነስሩ ነግረውት ኖሮ፣ እኔ ቡናውን ከመክተቴ ከሰዓታት በፊት ጋዙን ሞልቶ፣ የፋኑን ብሎን አጥብቆ፣ «ሐጂ፣ ግቤ ላይ ኩታ ያስፈልግዎታል» ብሏቸዋል። ይህን የሰማሁት ሰርቦን አልፈን ነው፤ ሐጂ ለባለቤታቸው ሲያወሩ፤ ውስጤ ቀዘቀዘ፣ ያለ ኤሲ። ሶኮሩን አልፈን ወደ ግቤ መውረድ ስንጀምር ሙቀቱ በመስኮት ሳይሆን በወለሉ መጣ። ሴትዮዋ ከኋላ መቀመጫ ላይ ራሷን ጥላለች። «አብራው፣ ሙዘይን» አሉኝ። መታጠፊያው አስቸጋሪ ነው አልኩ። «ሙዘይን፣ አብራው እንጂ።» ቆይ ይህቺን ዳገት እንለፍ አልኩ፤ የምንወርደው ቁልቁለት ነው። ሐጂ ከኋላ ተንጠራርተው ራሳቸው አዞሯት።

መጀመሪያ እንደ ወፍጮ ጮኸ። ቀጥሎ ዝም አለ። ከዚያ ከቀዳዳዎቹ ጭስ ወጣ፤ ጭሱ ግን የሽቦ ብቻ ሳይሆን የቤት ሽታ ነበረው። የፋኑ ሞተር ተቃጥሎ የእናቴን ቡና ቆላው። ልቆም ስል ኬላው ፊታችን ተገተረ፤ ገመዱ ወርዷል፣ ፈታሹ ጠመንጃውን አንግቶ ወደ መስኮቴ ጎንበስ አለ። አፍንጫው ሲሠራ አየሁት።

«ቡና ይሸታል» አለ።

ቡናው ከጉልበቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ይጨሳል። ሐጂ ከኋላ አንገታቸውን አወጡ፤ ተቆጥተዋል፣ ደግሞም ምንም አያውቁም፣ ያዳነን ያ ነው።

«እኔ የቡና ነጋዴ ነኝ። ሌላ ምን ልሽተትልህ?»

ፈታሹ ትርፍ ጎማውን ነካካ፣ ትራሱን ጨመቀ፣ ሴትዮዋን አየ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ገመዱን አነሳው። አዲስ አበባ እስክንደርስ ሸሚዜ ደረቴ ላይ ተጣብቆ ቀረ። በማግስቱ እጄ የደረሰበትን ያህል ዝቄ ለእህቴ ሰጠኋት። «እማዬ ቆልታ ነው እንዴ የላከችው?» አለች። እጄ ያልደረሰበት ከፋኑ ጀርባ ቀረ።

ጅማ ስንመለስ ሐጂ ነስሩን መጋዘናቸው በር ላይ አስጠሩት። የቡና ለቃሚ ሴቶች ነበሩ፣ ተሸካሚዎች ነበሩ፣ እኔ ቁልፍ ይዤ ቆሜ ነበር። «ሚስቴንና ልጄን ልትገድልብኝ ነበር» አሉት። ነስሩ «ሐጂ፣ ሳጥኑን ልክፈተውና ልየው» አለ። «እጅህ ሁለተኛ መኪናዬን አይነካም» አሉት። ያኔ ወደ እኔ ዞረ። «ያ ሙዘይን፣ ሲነሳ ድምፁ እንዴት ነበር?» አለኝ። ይህችን ጥያቄ ብመልስለት ኖሮ ገብቶት ነበር፤ የወፍጮ ድምፅና የተቃጠለ ሽቦ ድምፅ ለእሱ ምንና ምን ናቸው። ወህኒ ቤቱ ታየኝ፣ የመኪናዋ መወረስ ታየኝ፣ እናቴ ታየችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩት።

ሁለት ቃል ነው። ከዚያ በኋላ የሥጋ ቤቱ ሰውዬ ፍሪጁን ለሌላ ሰጠ፣ መድኃኒት ቤቱም እንዲሁ። «ነስሩ በረዶ» በአንድ ሳምንት «ነስሩ ጭስ» ሆነ፤ የዛሬ ልጆች ስሙ ከጋራዥ ጭስ የመጣ ይመስላቸዋል። እሱም የጋዝ መለኪያውን ይዞ መጥቶ ግዛኝ አለኝ፤ ገዛሁት። ባሌስትራና ፍሬን ያዘ፤ ብረት ከባድ ነው፣ ቢሳሳቱበትም ይታያል አለኝ። እጁንም ኪሱ መክተት ጀመረ። አንድ ቀን እነግረዋለሁ አልኩ። ዘመኑ ተቀየረ፣ ኬላው ተነሳ፣ ቡና ይዞ መጓዝ የማንም ጉዳይ አልሆነም፤ እኔ ግን ገመዱን ከአፌ ላይ አላነሳሁም። በዚህ መሀል ጓደኛዬ ሆነ። መስጊድ ጎን ለጎን እንሰግዳለን፣ አሥር ሰዓት ላይ አብረን ሻይ እንጠጣለን፤ ስኳሩን ለእኔ ይሰጠኛል። ሐጂም ኤሲው ከሞተ በኋላ ኮምፕረሰሩን ፍታውና ጣለው ብለውኝ ነበር። አልጣልኩትም። ዘይት የጠጣ ጨርቅ አልብሼ፣ ጆንያ ውስጥ ከትቼ፣ ከነስሩ መለኪያ ጋር ሱቄ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው። ለገንዘብ ስል የማልሸጠው የለኝም ብዬ ስምል እነዚያን ሁለቱን አልቆጥርም።

ነስሩ እምቢ እንዲል ነበር ዱዓዬ። ሐያት ጋራዡ ገብታ ስትለምነው እኔም ተከትያት ገብቼ፣ «ዕድሜ ነው፣ እጅም ይንቀጠቀጣል፣ አታስቸግሪው» እያልኩ ሳግዝ ነበር። ጋራዡ አወይቱ ወንዝ ዳር ነው፤ ነስሩ የመኪናዋን ኮፈን ከፍቶ ኮምፕረሰሩ የነበረበትን ባዶ ቦታ ብዙ ጊዜ አየው።

«ዕቃው የለም» አለ በመጨረሻ። ተነፈስኩ። «ኮምፕረሰሩ ከተገኘ ግን እሞክረዋለሁ።»

ሐያት ወደ እኔ ዞረች። ነጋዴን ዓይኑን አይተው የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ አባቷም እንዲያ ነበሩ። «ጋሽ ሙዘይን፣ እርስዎ ጋ ያልተቀበረ ነገር አለ?» አለችኝ። የለኝም ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ብላት ከአዲስ አበባ ሌላ ሰው ታመጣለች፣ እንግዳው ሳጥኑን ይከፍታል፣ ቡናውን በገበያ መሀል ያፈሰዋል። ዕቃው ከእኔ ከሆነ ሥራው መሀል እገባለሁ። እንዲህ አስልቼ ነው እንጂ ደግ ሆኜ አይደለም ጆንያውን ያመጣሁት።

ነስሩ ጨርቁን ሲፈታ እጁ ከኪሱ ወጣ። ከዘንጉ ጫፍ ይዞ በጣቶቹ ቀስ አድርጎ አዞረው፤ አውራ ጣቱን ቀዳዳው ላይ አድርጎ እንደገና አዞረው። ኮምፕረሰሩ ጣቱን ሳብ አድርጎ ለቀቀ፤ ትንሽ የመሳም ድምፅ አለው። «ነፍስ አለው» አለ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያጥበው፣ ሲፈታው፣ ጋዝ እንዳይወጣ የሚይዙትን የጎማ ቀለበቶች ሲቀይር ከረመ፤ ቀለበቶቹን ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ጊዜ ተሳሳቱ፣ ሦስት ጊዜ መለስኩ። መለኪያውንም ይዤለት ሄድኩ። አየውና «አልሸጥከውም?» አለኝ። ገዢ አላገኘሁም አልኩት። የነሐስ ቧንቧዎቹን በአሸዋ ወረቀት ሲያሻቸው አዲስ የወጣ ሳንቲም መሰሉ። በየቀኑ ሻይ ሳንጠጣ ይመሻል፤ እሱ በደስታ፣ እኔ በፍርሃት።

«ሳጥኑን ለምን ትነካዋለህ?» አልኩት ሐሙስ ቀን፣ እንደ ዘበት። «የተቃጠለ ዕቃ ነው። አዲስ ፋን ከውጭ እናስርለትና ይነፍሳል።»

«ኦርጅናል ይሁን አላለችም? ቅዳሜ ጠዋት እከፍተዋለሁ» አለ። «መጀመሪያ ማየት የምፈልገውም እሱን ነው።»

ስለዚህ ዓርብ ሆነ። ጁምዓ ሰዓት ላይ የሂርማታ ሱቆች ሁሉ ይዘጋሉ፣ ጋራዡም ይዘጋል፤ ባሌስትራዎቼ እዚያ ስለሚቀመጡ ግን ትርፍ ቁልፍ አለኝ። ሰዉ ወደ መስጊድ ሲጎርፍ እኔ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ሐጢአት ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ከዚያ በፊት ያለው ሐጢአት ይበልጥ ስላስፈራኝ ነው። መሳቢያውን አወጣሁ። ካቻቢቴው በእጄ ይንሸራተታል፤ በጎረምሳነቴ በአምስት ደቂቃ የፈታኋቸው አራት ብሎኖች ሦስቱ ዝገው እምቢ አሉ። አንዱን ስፈታ ሌላው ይዞ ያስቀረኛል። ከመስጊዱ የኢማሙ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ይመጣል፤ ኹጥባው የሚያልቅበትን ሰዓት በልቤ እቆጥራለሁ። ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጉልበቴ በሩ ላይ ተጣብቆ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ አራተኛው ብሎን ተፈታ። ክዳኑ ወረደ። ጥቁር ቡና ፊቴ ላይ ዘነበ።

አርባ ምናምን ዓመት። አይጥ እንኳ አልበላውም። እጄ ያን ጊዜ ያልደረሰበት ቦታ አሁን ደረሰ፤ በሽቦ እየጎተትኩ፣ በእፍኝ እያፈስኩ ሁለቱንም ኪሶቼን ሞላሁ። የቀረውን በጣቶቼ አንድ በአንድ ለቀምኩ። ሳጥኑ ባዶ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው በሩ ተንቋቋ።

«መስጊድ ሰፍ ላይ አጣሁህ» አለ ነስሩ።

«ወገቤን አሞኝ ነው።»

«ወገቡን ያመመው ሰው መኪና ውስጥ ተገልብጦ ይተኛል?»

«የዕቃውን ቁጥር ላይ ብዬ።»

መጥቶ ባሌስትራዎቼ ክምር ላይ ተቀመጠ፣ ኮፊያውን አወለቀ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እኔ ከመኪናዋ ወጣሁ፤ ኪሶቼ ተወጥረው እንደ ሌባ ቆምኩ። እንደ ሌባ ማለት ራሴን ማድነቅ ይሆናል።

«አውቄብሃለሁ፣ ሙዘይን» አለኝ።

እጆቼ የተወጠሩትን ኪሶቼን ሸፈኑ።

«ቀድመህ ልታይልኝ ነው። የኔ ጥፋት ሆኖ ከተገኘ ልትደብቅልኝ። ማሎ፣ እባክህ፣ ተወው። አንተ እንደ ወንድም ሆነህልኛል፤ ይሄን ግን አትሸፍንልኝ። ያን ቀን የፋኑን ብሎን አጥብቄ ነበር ወይስ አላጠበቅኩም? ሶላት መሀል ሳይቀር ይመጣብኛል። አጥብቄያለሁ እላለሁ፣ ከዚያ እጄን አላስታውሰውም። ቤቴ ያለው ፍሪጅ ሲበላሽ ልጆቼ ሌላ ሰው ነው የሚጠሩት፤ እኔም እሱ ሲሠራ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ነገ ከፍቼ ጥፋቴን በዓይኔ አይቼ ልረፍ።»

ያኔ ነው የሠራሁት ነገር የገባኝ፤ ቀስ ብሎ አይደለም፣ እንደ ወደቀ ባሌስትራ ነው። የሠራ ሰው ደመወዝ የወሰድኩበት ይመስለኝ ነበር፣ ስም የወሰድኩበት ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን በገዛ እጁ ማመን ከተወ አርባ ዓመት ሆኖታል። አሁንም ኪሴን ይዤ ብወጣ ነገ ጠዋት ንጹሕ ሳጥንና የተቃጠለ ሞተር ያገኛል። ሌላ ምክንያት ስለማያገኝ «እኔ ነኝ» ብሎ ይደመድማል። ያን ጊዜ በዝምታ የወሰድኩበትን ዛሬ በገዛ ጣቴ እየለቀምኩ ልጨርስበት ነው።

የቀኝ ኪሴን አወጣሁና መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። ከዚያ የግራውን።

ነስሩ ተነስቶ መጣ። አንዷን አንስቶ አገላበጣት።

«ምንድነው?»

«ቡና።»

«ቡና መሆኑንማ የጅማ ሰው ነኝ፣ አውቃለሁ። ከየት ነው?»

በአገጬ ሳጥኑን አሳየሁት። ወደ መኪናዋ ሄደ፣ ጎንበስ አለ፣ እጁን እስከ ክርኑ አስገባ፤ ሲያወጣው መዳፉ ላይ እኔ ያልደረስኩባቸው ሰባት ስምንት ፍሬዎች ነበሩ። ጀርባውን እንደሰጠኝ ጠየቀኝ።

«ስንት ነበር?»

«ሦስት ኪሎ።»

«በልቅ?»

«በልቅ።»

«ለማን?»

«ዘይነባ ወልዳ ነበር።»

ከወንዙ ማዶ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል። ነስሩ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«ብሎኑን አጥብቄ ነበር ማለት ነው» አለ።

«አጥብቀህ ነበር። ያኔ ቡናውን ስከት ፋኑን በእጄ ብገፋው አልነቃነቅም ብሎኝ ነበር።»

«ሞተሩም ደህና ነበር።»

«ደህና ነበር።»

«ድምፁስ?»

«እንደ ወፍጮ» አልኩት፤ ጥያቄው መጋዘኑ በር ላይ ከተጠየቀ ጀምሮ ምላሴ ላይ ተቀምጦ የኖረ መልስ ነው። ነስሩ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደ መካኒክ ነው የነቀነቀው፣ በሽታው እንደተነገረው። ከዚያ «ውጣ» አለኝ።

«ነስሩ፣ አፉ በለኝ...»

«ሥራ አለብኝ። ውጣ።»

በቀጥታ ሐያት ቤት ሄድኩ፤ እግሬ ሱቄ ቢያደርሰኝ ሐሳቤን እንደምቀይር አውቅ ነበር። ለእሷና ለእናቷ ሁሉንም ነገርኳቸው። እናቷ ደካማ ዓይኗን ወደ ድምፄ አዙራ፣ «ያን ቀን ቡና ሸተተኝ ብዬ ለሐጂ ስነግራቸው፣ እርጉዝ የማይሸታት ምን አለ አሉኝ» አለች። ከዚያ ነጠላዬን አምጡልኝ ብላ፣ በባጃጅ ጋራዡ ድረስ ሄዳ፣ በሐጂም በራሷም ስም ነስሩን አፉ በለን አለችው። ይህን የሰማሁት ከሰው ነው፤ እኔ አልተጋበዝኩም።

ኤሲው የተሞከረ ቀን ግን ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር። ነስሩ ከቧንቧዎቹ አየሩን አስወጥቶ የመለኪያውን ቀስት ይጠብቃል፤ ቀስቷ ከተመለሰች የሆነ ቦታ ይተነፍሳል ማለት ነው፣ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ቀስቷ አልተነቃነቀችም። ጋዙን ሞላ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ብቻውን ገብቶ በሩን ዘጋ፣ አራቱንም መስኮቶች ወደ ላይ ጠቀለለ። ያችን የበረዶ ማብሪያ ሲያዞራት በመስታወቱ አየሁት። መዳፎቹን ቀዳዳው ፊት ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜያለሁ፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። አንዴ ዓይኑን ገልጦ በመስታወቱ አየኝ። መስኮቱን ዝቅ አላደረገልኝም። እኔም አላንኳኳሁም።

ሐያት እናቷን በጀርመኗ ይዛ ወደ አዲስ አበባ ተነሳች። ግቤ ድልድይ ላይ ሆና ደወለችልኝ፤ እናቷ በረደኝ ጋቢ ስጡኝ እያለች ነው፣ ሐያት ራሷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷታል። «ጋሽ ሙዘይን፣ ሲበራ ግን መጀመሪያ ቡና ቡና ይሸታል» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰፍ ላይ ነስሩ ሌላ ቦታ ቆመ። አሥር ሰዓት ላይ ሻዬን ብቻዬን ጠጣሁ፤ ስኳሩ የሁለት ሰው ሆኖብኝ አልጣፈጠኝም። ጋራዡ በር ላይ ቀለሙ ያልደረቀ ጽሑፍ መውጣቱን ሰማሁ፤ «ፍሪጅና ኤሲ እንጠግናለን» ይላል አሉ። ሄጄ ማየት አልደፈርኩም። ትናንት ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«የኮምፕረሰር ቺንጋ አለህ?» አለ። ሰላምታ የለውም።

«አለ።»

«ኦርጅናል?»

«ኦርጅናል።»

ከጀርባው የፍሪጅ ሞተር ሲያጉረመርም ይሰማኛል።

«ቡና የሌለበት ላክልኝ» ብሎ ዘጋው።

ሰው አልላክሁም። ቺንጋውን፣ ያችን የጎማ ቀበቶ፣ ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ራሴ ወደ ወንዙ ወረድኩ።